ቆሞ ያረጀው ጎማ

ስለ ጎማ ላወራችሁ ነው። «ከወሬ ሁሉ ጎማ መረጥሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን አንድ ልጄን ሊያሳጣኝ ለጥቂት የቀረው ጎማ ነው፤ ጎማው እንዳይቀየር ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ። እስካሁን ለማንም ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም።

አስቴር እባላለሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር ነው የምኖረው። ሥራዬ ስኩል ባስ መንዳት ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ለማንሳት ከመውጣቴ በፊት ባትሪ ይዤ ባሱን እዞረዋለሁ፤ መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን አያለሁ። ፕሪ-ትሪፕ ይባላል። አንድ ቀን ጎማ ላይ ስንጥቅ አይቼ «ይህን አልነዳም» ብዬ ቁልፉን የመለስኩ ሰው ነኝ። አለቃዬ ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ጭኜ አልቀልድም አልኩት። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። በኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ አለማወቅ እንዳይመስላችሁ ነው።

ባለቤቴ ሰለሞን ኤርፖርት ካርጎ ይሠራ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሺፍት ላይ እያለ ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከከተማ ውጭ ካለ ገበሬ ላይ አንዲት ያገለገለች ትሬይለር ገዝቶ ነበር፤ ትንሽዬ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጎማ ብቻ ያላት፣ ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ያለባት፣ በፒካፑ የሚጎትታት። ጓደኞቹ ሳቁበት። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ሜዳ ላይ ለማደር ነው እንዴ?» አሉት። እሱ ግን እንደ ልጅ ተደሰተባት። ጎማዎቿን በአዲስ ቀየረ። የቀኙ ጎማ ጎን ላይ ደግሞ በነጭ ቀለም «ለአስቱ፦ 65» ብሎ ጻፈ። አየሩ ስንት መሆን እንዳለበት ሁልጊዜ እረሳና እጠይቀው ስለነበር ነው።

ሁለት ሳመር ሄድንባት። ከዚያ ሞተ።

ከተማ ውስጥ ትሬይለር ደጅ ላይ አቁሞ መተው ስለማይቻል፣ በስተምሥራቅ ዳር ካለ የኪራይ ግቢ አቆምኳት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ወደዚያ እነዳለሁ። በሯን ከፍቼ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። ስወጣ ጎንበስ ብዬ ጽሑፉን በጣቴ እነካዋለሁ። የሱ እጅ ጽሑፍ ሌላም አለኝ፤ የባንክ ፎርም፣ የታክስ ወረቀት። ስሜ ያለበት ግን ያ ብቻ ነው። «አስቱ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ጁን ልጄ ቤዛ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ብቻዋን አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች።

«እማ፣ ጆቡን አገኘሁት» አለችኝ። «ሃሊፋክስ።»

«ሃሊፋክስ? የአገሩ ሌላ ጫፍ? መቼ?»

«ኦገስት።» ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ እንደቆመች ነው። «ከመሄዴ በፊት… ላይክ፣ አንድ ዊክኤንድ፣ የአባን ትሬይለር ይዘን ሐይቅ እንሂድ? ሁለታችን ብቻ።»

ልቤ እምቢ ሊል ነበር። ትሬይለሯ ከቆመችበት ስትነቃነቅ ማየት አልፈለግኩም። ግን እምቢ የሚባል ፊት አልነበራትም። «እሺ» አልኳት።

በሳምንቱ ግቢው ሄጄ ሳጸዳት፣ አጠገቤ የራሳቸው ትሬይለር ያላቸው ጋሼ ሀብቶም መጡ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። በልጅነታቸው አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ረጅም መንገድ ትራክ የነዱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል፤ ሲወዱኝ ብቻ በትግርኛ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጓለይ፣ ልትወጪ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከቤዛ ጋር።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀኙ ጎማ ጋ በርከክ አሉ። «ይህ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አዲስ እኮ ነው። ጥርሱን አያዩትም? ምንም አልተበላም።»

«ጥርሱን ተዪው።» አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የጎማውን ጎን ጠረጉ። «እዚህ ጋ አራት ቁጥሮች አሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሻል። ይኸው፤ ሰባት ዓመት አልፎታል።»

«ሰለሞን ከገዛው ስድስት ዓመቱ ነው።»

«አንዱን ዓመት ሱቅ ውስጥ ተኝቶ ይሆናላ። ጎማ ዕድሜው የሚቆጠረው ከተሠራበት ቀን ነው እንጂ ከገዛሽበት አይደለም።» ከዚያ ጎኑን በጣታቸው ጫን አሉት። ጥቃቅን ስንጥቆች ተከፈቱ፤ የደረቀ ተረከዝ ይመስላል። «ይታይሻል? የመኪና ጎማ ሮጦ ነው የሚያልቀው። የትሬይለር ጎማ ቆሞ ያረጃል። ፀሐዩም፣ ብርዱም፣ ክብደቱም አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ከውስጥ ይለያያል። አምስት ዓመት ከሞላው በየጊዜው አስመርምሪው፤ ስድስትን ካለፈ ምንም ቢያምር አትተማመኚበት። ማክሰኞ አብሬሽ ጎማ ቤት ልሂድ?»

«እሺ ጋሼ፤ እደውልልዎታለሁ።»

አልደወልኩም።

እውነቱን ልናገር። የነገሩኝን ከመናገራቸው በፊት አውቀው ነበር። ስንጥቁን እሁድ እሁድ አየዋለሁ፤ በጣቴ የምነካው እኮ እሱኑ ጎማ ነው። ባሱ ላይ ቢሆን ቁልፉን እመልስ ነበር። ግን ጎማ ቤት ያለው ልጅ ያን ጎማ ፈትቶ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሲወረውረው ታየኝ። ፎቶ አንስተሽ አታስቀምጪውም? ትሉኝ ይሆናል። አንስቻለሁ። ፎቶ በጣት አይነካም። ደግሞ ለራሴ ምክንያት አላጣሁም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሩቅ አይደለም፣ በዝግታ እነዳለሁ አልኩ።

በጁላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ቤዛ ሰኞ በማለዳ ሺፍት ስላላት፣ ቀድማኝ እንድትመለስ በራሷ መኪና ከኋላዬ ልትከተለኝ ተስማማን። ከመነሳታችን በፊት የጎማዎቹን አየር ለካሁ። ስድሳ አምስት ሞላሁት፤ ልክ እንደተጻፈው። «ይኸው፣ ልክ ነው» አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

ቀኑ ሙቀት ነበር፤ አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ ይመስላል። ከተማዋን የሚዞረውን ስቶኒ ትሬይልን ጨርሰን ወደ ምዕራብ የሚወስደውን ሃይዌይ ያዝን። ተራሮቹ ከፊት ለፊት ወጡ። ቤዛ ከኋላዬ ሆና ደወለችልኝ።

«እማ፣ ቱ ስሎው ነሽ! ሰው ሁሉ እያለፈን ነው።»

«ይለፉና።»

«አባም እንደዚህ ነበር የሚነዳው?»

«አባትሽማ እየዘፈነ ነበር የሚነዳው።»

ሳቀች። የልጄን ሳቅ በዚያ ዓይነት ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ስልኩን ዘጋንና ትንሽ ፍጥነት ጨመርኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ ላይ ጥፋት የጨመርኩት፤ ሳቋ ደስ አሰኝቶኝ ፍጥነት ጨመርኩ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ከኋላዬ ቧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የመሰለኝ። ወዲያው ፒካፑ ወደ ቀኝ ተጎተተ፣ ትሬይለሯ ወገቧ እንደተሰበረ ዘመመች፤ ከዚያ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረች። ፍሬን አትርገጪ፣ መሪውን ያዥ፣ ነዳጁን ልቀቂ። የሥራ ልምድ ነው፤ እጄና እግሬ ሳላዛቸው አደረጉት። ዓይኔ ግን የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ነበር። የጎማው ቆዳ ተልጦ እንደ ጥቁር እባብ ወደ አየር ሲነሳ አየሁት። ቀጥ ብሎ ሄዶ የቤዛ መኪና የፊት መስታወት ላይ አረፈ።

ነጯ የልጄ መኪና አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አለች። ከመንገዱ ወጣች። አቧራ ተነሳ። ከዚያ መስታወቴ ውስጥ ምንም የለም።

ማቆም አልችልም። ያን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ልጄ ከኋላዬ ጠፍታ፣ እኔ ትሬይለሯ እንዳትገለብጠኝ ቀስ እያልኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ፊት መሄድ ነበረብኝ። ስቆም ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ነበር።

ወርጄ ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ወለቀ፤ አልተመለስኩለትም። እየሮጥኩ ደወልኩላት። ጠርቶ ጠርቶ፣ «ሃይ፣ ዚስ ኢዝ ቤዛ» አለኝ መልእክት መቀበያው። ደግሜ ደወልኩ። «ሃይ፣ ዚስ ኢዝ ቤዛ።» ትልልቅ መኪኖች ባጠገቤ ሲያልፉ ነፋሳቸው ይገፋኛል። «እመብርሃን፣ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ» እላለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሰለሞንን ጨርሶ ያላሰብኩበት ሰዓት ቢኖር ያ ነው።

መኪናዋ አፍንጫዋን ቦዩ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። የፊት መስታወቱ የሸረሪት ድር ሆኗል፤ በሾፌሩ በኩል ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አለው። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ሰው የለም።

«ቤዛ!»

«እማ።»

ከመኪናዋ ኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በብርጭቆ ስብርባሪ ተሞልቶ ያብለጨልጫል። ከቅንድቧ በላይ ደም ይወርዳል። ጉልበቶቿን አቅፋለች።

«አለሽ?» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አንቺ አለሽ?» አለችኝ። «ትሬይለሩ ሲወዛወዝ አየሁ፣ ከዚያ መስታወቱ… አንቺን ማየት አልቻልኩም። የሞትሽ መሰለኝ እኮ!»

ተቃቅፈን አለቀስን። ብርጭቆውን ከፀጉሯ አንድ በአንድ ለቀምኩላት። አንድ መንገደኛ ቆሞ አምቡላንስ ጠርቶልን ስለነበር መጡና አዩዋት፤ የቅንድቧን ቁስል በፋሻ አሸጉላት፣ የእጇ አንጓ ወለም ብሏል እንጂ አልተሰበረም አሉን። ቀዳዳው በአንድ ስንዝር ወደ ፊቷ ቢጠጋ ኖሮ የሚለውን እነሱም አልተናገሩትም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሲሄዱ ቤዛ፣ «ምን ሆኖ ነው? ጎማው አዲስ አልነበረም?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ማንም አይነግራትም።

«አሮጌ ነው» አልኳት። «ሰባት ዓመት አልፎታል። ጋሼ ሀብቶም ቀይሪው ብለውኝ ነበር።»

«እና?»

«አባትሽ የጻፈበት ነው።»

ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ኤቭሪ ሰንደይ፣ ትሬይለሩ ጋ ትሄጃለሽ። አይደል? እኔ ዋይትሆርን ነኝ። ከአንቺ ቤት አሥር ደቂቃ። ስንቴ መጣሽ?»

ቆጠርኩ። ዕቃ ላደርስላት፣ በር ላይ፣ ሦስት ጊዜ። ገብቼ ተቀምጬ አላውቅም።

«እኔም እኮ አባቴ ነው የሞተው» አለችኝ። «ከማን ጋር ላውራው?»

ሣሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ለጋሼ ሀብቶም ደወልኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ክሪክና መሣሪያቸውን ይዘው ደረሱ። መጀመሪያ ቤዛ ጋ ሄዱ፤ አገጯን ይዘው ቁስሏን አዩ፣ ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ የተቀደደውን የትሬይለሯን ወለልና የተረፈውን ቸርኬ አዩ። «ብዬሽ ነበር» ሲሉኝ እጠብቃለሁ። አላሉም።

«ጋሼ፣ ይቆጡኝ» አልኳቸው።

«ጓለይ፣» አሉኝ ቸርኬውን እየፈቱ፣ «እኔ የባለቤቴን ጫማ አሥራ አንድ ዓመት ከበሩ ሥር አላነሳሁም። ሰው ሲገባ ይደናቀፍበታል። በማን አፌ ነው የምቆጣሽ?»

ከመንገዱ ማዶ የጎማው ቁራጭ ወድቋል። ነጭ ቀለም ከሩቅ ይታየኛል። መኪና እየመጣ ይረግጠዋል፤ ዘሎ ይገለበጣል፤ ሌላው ይረግጠዋል። ቤዛም አየችው።

«ልታመጪው ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ፈራች መሰለኝ።

«አልሄድም።»

ጋሼ ሀብቶም አቅራቢያ ካለው ከተማ ጎማ ሊያመጡ ሲነሱ፣ «የግራው ገና ደህና ይመስላል፤ አንዱን ብቻ ላምጣ?» አሉኝ። ሲፈትኑኝ ነበር፣ ዓይናቸው ያስታውቃል።

«ሁለቱንም። መጠባበቂያውንም» አልኳቸው።

ወደ ካልጋሪ ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የቤዛ መኪና በተጎታች ሄዳለች። ትሬይለሯን ግቢው አስገብቼ ቤዛን ዋይትሆርን አደረስኳት፤ በር ላይ ልሰናበታት ስል፣ «ግቢ እንጂ» አለችኝ።

ገባሁ። ቤቷ ባዶ ማለት ይቻላል፤ ግማሹ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ሁለታችንም ስላልራበን ውሃ ብቻ ጠጣን። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ላሰማሽ የምፈልገው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ልልክልሽ እፈልግና እፈራለሁ።»

የሰለሞን ድምፅ ወጣ። ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ቤዚ፣ እናትሽ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ናት። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፣ ግን ሳላጠፋ አልቀረሁም። ስትመጪ ያን የምትወደውን ዘቢብ ያለበት ዳቦ ግዢላት። አባዬ ነው ያለኝ እንዳትያት፤ በራስሽ ያሰብሽ አስመስዪ። እሺ?»

ዳቦውን አስታወስኩት። ቤዛን አመስግኜ፣ «አየህ ልጅህ እንኳ ስታስብልኝ» ብዬ እሱን ተናግሬው ነበር። ራሱን ነቅንቆ፣ «እውነትሽን ነው» አለኝ።

እንደዚያ ያለ ዐሥራ ሰባት መልእክት አላት። ሁሉንም ሰማን። እየሰማን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሱ አወራን፤ ሳቅን፣ አለቀስን፣ ተከራከርንበትም። እኔ የአራት ዓመት እሁዶቼን ጎማ ላይ ያለ ጽሑፍ ስነካ አሳለፍኩ፤ ድምፁ ግን እዚያ ቤት ሲጠብቀኝ ኖሯል። ከድምፁም በላይ የሱን ዓይን ይዛ የምትጠብቀኝ ነበረች፤ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው ያየኋት።

አንባቢዎቼ፣ ትሬይለር ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ውጡና ጎማችሁን እዩ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። ጥርሱ አያታልላችሁ። አምስት ዓመት ከሞላው አሳዩት፤ ስድስትን ካለፈ ቀይሩት፣ መጠባበቂያውንም አትርሱ። ሱቅ ስትሄዱም «አዲስ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን ራሳችሁ ተመልከቱ። ይህን ለማንም ሰው መንገር አያሳፍረኝም።

የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። ሙታችሁን የምታስታውሱበት ነገር በሕይወት ያለውን ሰው የሚጎዳ ሆኖ ብታገኙት፣ እንደኔ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አትበሉ። ናፍቆቴ አልቀነሰም፤ እንዲቀንስም አልጠየቅኩም። ግን አሁን ብቻዬን አልናፍቅም። ቤዛ ደውላ፣ «እማ፣ ዛሬ አባ ናፈቀኝ» ትለኛለች፤ እኔም እላታለሁ።

ሐይቁ ጋስ ደረሳችሁ ወይ? የምትሉኝ ካላችሁ፣ ደርሰናል። ልትሄድ ስድስት ቀን ሲቀራት፣ ወለሉን አስጠግነን፣ በአዲሶቹ ጎማዎች ሄድን። ቤዛ ገና እንደደረስን ልብሷን ጥላ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ነውና ጩኸቷ ተራራውን አስተጋባው። «እማ፣ ግቢ! ካመን!» አለችኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ አጥንት ይቆርጣል። ሰለሞን ዋና አይችልም፣ ውሃም ይፈራ ነበር። ቢኖር ኖሮ ዳር ላይ ፎጣ ይዞ እየተንቆራጠጠ፣ «በቃችሁ፣ ውጡ! ትታመማላችሁ! አስቱ፣ አንቺ ደግሞ!» እያለ ይጨቀጭቀን ነበር።

ዞሬ ዳሩን አየሁት። ቢጨቀጭቀኝ እንዴት ደስ ባለኝ።